በቱቦው የወጣው ጥቁር ነገር

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ዕለት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱ ከአእምሮዬ ያልጠፋው ሕፃኑ የሚመገብበት ሰዓት ስለነበረ ነው። ነርሷ ካለፈው ምግብ የተረፈ ነገር እንዳለ ለማየት በሲሪንጅ ከሕፃኑ ሆድ ለመሳብ ጎንበስ አለች። ስባ ስትጨርስ ግን ቀና አላለችም፤ እንደጎነበሰች ቀረች። ከዚያ ሲሪንጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችውና፦

«እናንተ፣ ምን ሰጣችሁት?» አለች።

ሲሪንጁ ውስጥ የነበረው ወተት አይመስልም። ግራጫ ሆኖ፣ በውስጡ ጥቁር ደቃቅ ነገር ይንሳፈፋል። የቡና አተላ ይመስላል። እህቴ ስመኝ አየችውና አፏን በሁለት እጇ ያዘች። እኔ ግድግዳውን ተደገፍኩ።

ማን እንደነበርኩ በአጭሩ ልንገራችሁ። ስሜ ውባለም ነው። ያኔ ከዩኒቨርሲቲ በጂኦግራፊ ተመርቄ፣ ሥራ አጥቼ፣ ወረታ እናትና አባቴ ቤት ተቀምጬ ነበር። ዓይን አፋር ነኝ። ባጃጅ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ ቤታችንን አልፌ የወረድኩበት ቀን ብዙ ነው። ታላቅ እህቴ ስመኝ የተዳረችው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሜዳው ላይ ሩዝ ለሚያመርቱና ከብት ለሚያረቡ ቤተሰቦች ነው። በሰባተኛ ወሯ ደም ግፊቷ ተነሳና ልጁ ወረታ ሆስፒታል ውስጥ ሳይደርስ ተወለደ። ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ብዙም አይዘልም። ጣቱ የክብሪት እንጨት ታህላለች። ስመኝ ገና ስላላገገመች አስታማሚ ያስፈልጋት ነበርና ሥራ የሌለኝ እኔ ገባሁ።

ነርሷ በገባን ቀን አስረድታናለች። የአንበሳሜ፣ የዚሁ የእኛ አካባቢ፣ ልጅ ናት፤ ስታስረዳ እንደ ጎረቤት እንጂ እንደ ሐኪም አትናገርም።

«ይኸ ልጅ አሁን መሆን የነበረበት እናቱ ሆድ ውስጥ ነው» አለችን። «መጥባትና መዋጥ ገና አያውቅም። አንጀቱም ሥራ አልለመደም፤ እንግዳ ነገር አይወድም። ስለዚህ የእናቱን ወተት ብቻ፣ በትንሽ በትንሹ፣ በዚች ቱቦ እናወርድለታለን። ሆዱ ሲለምድ እንጨምርለታለን።»

ቱቦዋ በአፍንጫው ገብታ ሆዱ ትደርሳለች። ስመኝ ወተቷን በእጇ እያለበች በብረት ኩባያ ታጠራቅማለች፤ እኔ ኩባያውን አጥቤ በፈላ ውሃ እቀቅላለሁ። ወተቱ ሲወርድ ሲሪንጁን ከፍ አድርጎ መያዝ ነው፤ በራሱ ቀስ እያለ ይሄዳል። ስመኝ ኩባያውንም ሲሪንጁንም በነጠላዋ ሸፍና ከሥሩ ነበር የምትቀዳለት። እኛ ዘንድ ወተት ለሰው ዓይን አይጋለጥም፤ የላምም ቢሆን፣ የሰውም ቢሆን። ነርሷ ይህን ታውቃለችና ምንም አትልም ነበር።

ሐሙስ ዕለት ሐኪሙ ለልጁ የቫይታሚን ጠብታ አዘዘ። የእናቱ ወተት ከሁሉ የበለጠ ምግቡ ቢሆንም፣ ሳይደርስ ስለተወለደ ከእናቱ ማኅፀን ተቀብሎ ሊወጣ የሚገባውን ሁሉ አልተቀበለም፤ የጎደለውን መሙላት ያስፈልጋል አለን። ሆስፒታሉ ውስጥ አልነበረም። ወረታን ከላይ እስከ ታች ዞሬ፣ የደብረ ታቦር መንገድ ከጎንደሩ በሚገነጠልበት አካባቢ ከአንድ መድኃኒት ቤት አገኘሁት።

ዓርብ ጠዋት የስመኝ አማት እማማ ይታይሽ ከገጠር መጡ። ቁመታቸው ረጅም ነው፤ ሲናገሩ ከጓሮ ሆነው ጎረቤት የሚጠሩ ይመስላሉ። ጠብታውን እጄ ላይ አዩት።

«ይኸ ምንድር ነው?»

«ቫይታሚን ነው እማማ። ሐኪሙ ነው ያዘዘው።»

«ለዚች ጭራሮ ለምታህል ነፍስ? ሆዱ የት ያደርሰዋል?» አሉና ወደ ስመኝ ዞሩ። «ምን አለ፣ ይኸን ለአንች ቢሰጡሽ! አንችም እንደ ልጁ ጭራሮ ሆነሻል፤ ሁለታችሁም አንድ ናችሁ!»

ስመኝ ሳቀች። ከወለደች በኋላ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። ጠብታው ከሰዓት በኋላ ተሰጠው። በማግስቱ ጠዋት ያ ጥቁር ነገር ወጣ።

«ምን ሰጣችሁት?» ነርሷ ደግማ ጠየቀች።

«የጡቴን ወተት ብቻ» አለች ስመኝ። «በሞቴ፣ ሌላ አልሰጠሁትም።»

«ውሃ? ስኳር? ቅቤ? አብሽ? አትደብቁኝ፤ አልቆጣም።»

«እንዴ!» አሉ እማማ ይታይሽ። «ሰው መስለን አልታየንሽም? አትስጡ ከተባልን እንሰጣለን? ከጡት በቀር አንዲት ነገር በአፉ አልዞረች። እመቤቴ ትመስክር!» ከዚያ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «ሌላማ አለ! ያ ጠብታ። እች ያመጣችው።»

ክፍሉ ውስጥ የነበሩ እናቶች ሁሉ ዞረው አዩኝ። እኔ እኮ የታዘዝኩትን ነው ያመጣሁት። ግን ያን መናገር አልቻልኩም። የተሳሳተ ነገር ገዝቼ ይሆን? ፀሐይ ላይ ቆይቶብኝ ይሆን? በቦርሳዬ ይዤው ስዞር ተበላሽቶ ይሆን? ልጁን ገደልኩት? ይህን በሆዴ እያልኩ በአፌ «እእ» ብቻ ነው ያልኩት።

ሐኪሙ መጣ። ወጣት ነው፤ ተወልዶ ያደገው አዲስ አበባ ነው። ሲሪንጁን አየ፣ የሕፃኑን ሆድ በሁለት ጣቱ ዳሰሰ፣ አዳመጠ። ሆዱ ከወትሮው ነፋ ብሎ ነበር። ጠብታውን አስመጥቶ አነበበው፤ ትክክለኛው ነው አለ። ከዚያ እኛን ወደ በሩ ጠርቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«ሳይደርሱ በሚወለዱ ልጆች ላይ የምንፈራው አንድ በሽታ አለ። አንጀታቸው ይቆስላል፤ ሲብስም ይሞታል። ሆድ ውስጥ የቆየ ደም ደግሞ እንዲህ ይጠቁራል። አሁን ወተቱን አቁመን በግሉኮስ እናቆየዋለን። ግን እዚህ ቀዶ ሕክምና ልንሠራለት አንችልም፤ ባሕር ዳር መሄድ አለበት። አምቡላንሱ ወላድ ሊያመጣ ወጥቷል፤ እንደተመለሰ ትሄዳላችሁ።»

«ጠብታው ነው?» አሉ እማማ ይታይሽ።

«በልኩ ነው የተሰጠው። ይህን ያደርጋል ብዬ አልገምትም።» ከዚያ በሐቅ ጨመረ፤ «ፈጽሞ አይደለም ብዬ ግን ልማልላችሁ አልችልም። ያልደረሰ አንጀት ላይ ሁሉም ነገር ይከብዳል።»

ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም።

የስመኝ ባል ሙሉቀን ደረሰ። ለሚስቱ ምሳ ይዞ ነበር፤ ሳህኑን እንደያዘ ሁሉንም ነገሩት። ሳይጮኽ፣ ቀስ ብሎ፣ «እንግዲህ ወደ ቤት ይዘነው እንሂድ» አለ።

«የት?» አለ ሐኪሙ።

«ወደ ደብራችን። ካህናቱ ክርስትና ያንሱት። ሊሞት የተቃረበ ልጅ አርባ ቀን አይጠበቅለትም። ባሕር ዳር ሆዱን ተቀዶ፣ ስም እንኳ ሳይኖረው፣ መንገድ ላይ ከሚቀር…»

«ከዚህ ሙቀት አውጥታችሁ በባጃጅ ብትወስዱት እኮ ደጃችሁ አይደርስም!»

«ባሕር ዳርስ ይድናል ትለኛለህ?»

ሐኪሙ ዓይኑን ወደ ሕፃኑ መለሰ። ሙሉቀን እናቱን አየ፤ እማማ ይታይሽ አንገታቸውን በእሽታ ነቀነቁ። ስመኝን አየ፤ ስመኝ ግድግዳውን ነበር የምታየው። «ዕቃውን ሰብስቢልን፣ እህቴ» አለኝና ባጃጅ ሊጠራ ወጣ። ልጁን የገደልኩት እኔ መስሎኝ ሳለ ከእሱ አፍ «እህቴ» መባሌ ከስድብ በላይ አመመኝ።

ግቢው ውስጥ አስታማሚዎች የሚያበስሉበት ዳስ አለ። የእኛ ዕቃ እዚያ ጥግ ነበር። ብርድ ልብሱን አጠፍኩ፤ ሳሙናውን፣ ማንኪያውን ከረጢት ውስጥ ከተትኩ። ከዚያ የወተቱን ኩባያ አነሳሁ። ክዳኑን ስከፍተው ሽታው መጣ።

ያን ሽታ በእኛ በፎገራ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከተማ ብንኖርም በልጅነታችን ዘመድ ቤት ስንሄድ የምንጠጣው ወተት እንዲያ ይሸታል። የወይራ ጭስ። እኛ አገር ባልታጠነ ዕቃ ወተት አይታለብም። የወይራ ፍልጥ ተለኩሶ ፍሙ ዕቃው ውስጥ ይገባል፣ ይከደናል፣ ይናጣል፤ ዕቃው ጭሱን ጠጥቶ ሲያበቃ ፍሙ ይደፋና በጨርቅ ይወለወላል። ውሃ አይነካውም፤ ውሃ ከነካው ጠረኑ ይጠፋል። ወተቱ አይበላሽም፣ ይጣፍጣል፣ ሆድ አይነፋም ይባላል። ክፉ የሚባልበት ነገር የለም።

ጣቴን በኩባያው ውስጥ ዞር አደረግሁት። ጥቁር ሆኖ ወጣ።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ጣቴን አየሁ፤ ኩባያውን አየሁ፤ እንደገና ጣቴን። ከዚያ ሲሪንጁ ውስጥ ያየሁት ደቃቅ ነገር ዓይኔ ላይ መጣ። ደስ አላለኝም። እርግጠኛም አልነበርኩም። ብሳሳትስ? የእህቴን አማት፣ ስመኝ ዕድሜዋን ሙሉ አብራቸው የምትኖረውን ሰው፣ በሰው ፊት ወንጅዬ ብሳሳትስ? ደግሞ ዝም ብል ባጃጁ እየመጣ ነው።

እማማ ይታይሽ ከዳሱ ደጅ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመው ነበር። ሄድኩ።

«እማማ… ይህን ኩባያ አጥነውት ነበር?»

«ታዲያስ!» አሉ፣ እንባቸውን እየጠረጉ። «ትናንት ማታ፣ አንች ቀቅለሽ ካስቀመጥሽው በኋላ። እናንተማ ስትቀቅሉት ውሃ ውሃ ይሸታል፤ እንዲህ ባለ ዕቃ ወተት ይገባል? ወይራውን ከቤት ነው ይዠው የመጣሁ። ሁለት ጊዜ አጠንሁት፣ አሳምሬ ወለወልሁት። ምነው?»

አልደበቁም። ያፍራሉ ብዬ የጠበቅሁት ሁሉ የለም። ማንም አልጠየቃቸውም እንጂ፣ ቢጠየቁ ኖሮ በኩራት ይናገሩ ነበር። «ምን ሰጣችሁት?» ነበር ጥያቄው። የሰጡት ደግሞ እውነትም የእናቱን ወተት ብቻ ነው።

ኩባያውን ይዤ ሮጥኩ። ሐኪሙ የመላኪያ ወረቀቱን እየጻፈ ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ ሌሎች ሰዎች ቆመዋል። በሩን ሳላንኳኳ ገባሁ። አስቤ የመጣሁት ዓረፍተ ነገር ሁሉ ጠፋኝ።

«ዶክተር፣ ጥቁሩ… ጥቁሩ ወይራ ነው።»

«ምን?»

«ኩባያው። አጥነውታል። ወተቱ የገባበት…» ጣቴን ዘረጋሁለት። እንደ ሕፃን ጣቴን ዘርግቼ ቆምኩ።

ሐኪሙ ጣቴን አየ፤ ምንም አልገባውም። እኔ ያበድኩ መስሎት ሳይሆን አይቀርም። ከኋላው መድኃኒት ስትለካ የነበረችው የአንበሳሜዋ ነርስ ግን ዞረች። ኩባያውን ከእጄ ነጥቃ አሸተተችው።

«ወይኔ ጉዴ!» አለች። «አጥነውታል! ዶክተር፣ እኛ አገር የወተት ዕቃ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጥላሸት ነው! ከነጠላ ሥር ሲቀዳ እኔስ ምኑን ልየው!» እያለች ሳቀችም፣ አለቀሰችም። ወዲያው ደግሞ አፏን ያዘች፤ ገና ምንም እንዳልተረጋገጠ ትዝ ብሏት።

ሐኪሙ አልሳቀም። ብዕሩን አስቀመጠ። «ሊሆን ይችላል» አለ። «ግን ሆዱ ነፍቷል። ጥላሸትም ደምም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። በዓይን አልፈርድም።» ከሕፃኑ የወጣውን ወደ ላቦራቶሪ ላከ፤ ደም ይኑርበት አይኑርበት እንዲታይ።

በዚህ መሃል ባጃጁ በሩ ላይ ደርሶ ጥሩንባውን ይነፋል። ሙሉቀን ገባና «ዕቃው የታለ?» አለኝ።

«አትወስደውም» አልኩት።

ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ጮክ ያለ አልነበረም። ግን በሩ ላይ ቆሜ እጄን ዘርግቼ ነበር። «ውጤቱ እስኪመጣ። በቃ እሱን ብቻ ጠብቅ። ከዚያ በኋላ እኔ ራሴ አቅፌ እወጣልሃለሁ።»

ሙሉቀን የዘረጋሁትን እጄን አየ። ከዚያ ወጥቶ ለባጃጁ ልጅ፣ «ሂድ፣ ሌላ ሰው ጫን» ሲለው ሰማሁት። ባለ ባጃጁም «ጠርተኸኝ!» እያለ እየተነጫነጨ ሄደ።

የጠበቅንበት ጊዜ ረጅም ይሁን አጭር አላውቅም። ስመኝ እጄን ይዛ ጥፍሯን ቆዳዬ ውስጥ ቀብራው ነበር። ሐኪሙ ሲመለስ ፊቱን ለማንበብ ሞከርኩ፤ አልተነበበልኝም።

«ደም የለበትም» አለ።

ስመኝ ድምፅ አወጣች፤ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሆነ ስም አጣሁለት።

«ገና አትደሰቱ። ጥላሸቱ አንጀቱን አስቆጥቶት ይሆናል፤ ሆዱ እስኪረጋጋ ወተት አይቀምስም። እስከ ነገ በግሉኮስ ይቆያል። ከባሰበት ይሄዳል፤ ካልባሰበት የትም አይሄድም።»

እማማ ይታይሽ መጨረሻ ላይ ነው የገባቸው። ከሐኪሙ ወደ ኩባያው፣ ከኩባያው ወደ እኔ አዩ። ያ ጎረቤት የሚጠራ ድምፃቸው ጠፍቶ፣ «እኔ ነኝ?» አሉ። «አባቱን ያሳደግሁበት ነው እኮ። ሰባቱንም ልጆቼን። አንዱም ሆዱን አላመመው።»

«ጥፋት ብለው አያስቡት እማማ» አላቸው ሐኪሙ። «ለደረሰ ልጅ ምናልባት ምንም አይሆንም ነበር። ይኸ ግን ማኅፀን ውስጥ መሆን የነበረበት ልጅ ነው። ማኅፀን ውስጥ ጭስ የለም።»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወጡ፤ ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሙሉቀን እህል ይዞ ሄደ፤ አልቀመሱም። «ግቡ» ሲባሉ «እኔ እዚያ ክፍል እግሬ አይረግጥም» አሉ።

አንባቢዎቼ፣ ይህን የምጽፈው እማማ ይታይሽን ላስወቅስ አይደለም። ብዙ ጊዜ ካለፈ በኋላም የሚያስደነግጠኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ የዋሸ ሰው አልነበረም። ነርሷ መጠየቅ ያለባትን ጠየቀች፤ ስመኝ እውነቷን መለሰች፤ አማቷም እውነታቸውን ማሉ፤ ሐኪሙ የተማረውን ፈራ፤ ሙሉቀን ለልጁ ነፍስ አሰበ። ሁሉም ልክ ሆነው፣ አንድ ላይ ሆነው፣ ሕፃኑን ከሙቀቱ አውጥተው በባጃጅ ሊጭኑት ነበር። ለጥላሸት! እኔም ብሆን ሽታው ባይመጣብኝ ኖሮ ዕቃውን ሰብስቤ፣ ጠብታው ነው የገደለው እያልኩ ዕድሜዬን ሙሉ ራሴን እከስስ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰው «ምንም አላደረግሁም» ሲለኝ አምነዋለሁ፤ ግን አላቆምም። እንዴት አደረግኸው፣ በምን ያዝከው፣ ምን ላይ አስቀመጥከው እላለሁ። በልምዳችን ትክክል የሆነው ነገር እኮ ድርጊት አይመስለንም፤ ስለዚህ አንቆጥረውም። ሳይደርስ የተወለደ ልጅ ቤታችሁ ካለ፣ የምትሰጡትን ብቻ ሳይሆን የምትሰጡበትንም ለሐኪሙ ንገሩ። ቀላል ነው፤ አያሳፍርምም። ደግሞም እናንተ ሐኪሞች፣ ስትጠይቁ «ምን» ብላችሁ አታቁሙ።

ዓይን አፋርነቴ አልለቀቀኝም። አሁንም «ወራጅ አለ» ለማለት እጨነቃለሁ።

በማግስቱ፣ እሑድ ጠዋት፣ የሕፃኑ ሆድ ላላ ብሎ ነበር። ነርሷ በቱቦው ስባ ስታይ ንጹህ ነገር ወጣ። ጨርቁን ስንፈታ ግን ጥቁር ሰገራ አገኘንና ስመኝ ጮኸች፤ ነርሷ «ምን ያስጮኽሻል? ወይራው ነው፣ መውጫውን አግኝቶ!» ብላ ሳቀች። ሐኪሙም መጥቶ ዳሰሰው፣ ጨርቁን መረመረ፣ «ትንሽ ወተት ሞክሩለት» አለ። ቫይታሚኑን ሆዱ ሲረጋ እንመለስበታለን አለን።

ስመኝ አለበች። ነርሷ ወተቱን ሲሪንጅ ውስጥ አደረገችና ከፍ አድርጌ እንድይዘው ሰጠችኝ። አልያዝኩትም። «አንዴ ጠብቂኝ» ብያት ወጣሁ።

እማማ ይታይሽ ያው ድንጋይ ላይ ነበሩ። ሳሙናና አንድ ጆግ ውሃ ይዤ ፊታቸው ቁጢጥ አልኩ። «እጅዎን» አልኳቸው። ለምን ብለው ሳይጠይቁ ዘረጉልኝ። በጣቶቻቸው መሃል፣ በጥፍሮቻቸው ሥር፣ እስከ ክርናቸው አጠብኳቸው። ከዚያ ክንዳቸውን ይዤ አስነሳኋቸው።

«አይሆንም ልጄ፣ እኔ አልነካውም።»

«አይነኩትም። ወተቱን ብቻ ነው የሚይዙለት።»

ገቡ። ሲሪንጁን በእጃቸው አስያዝኳቸው። ክርናቸውን ከሥር ደግፌ ያዝኩላቸው፤ ወተቱ ወርዶ እስኪያልቅ።